ለራስ የተቀመጠ ደም

ሕዝቅኤል ረቡዕ አመሻሹ ላይ፣ አሜሪካ፣ ስፕሪንግ ቫሊ በሚባል ሰፈር በሚኖርበት አፓርታማ የመዋኛ ገንዳ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ያገኘው ገንዳውን ሊያጸዳ የመጣ ሠራተኛ ነው። ሬሳው ሱሪና ሸሚዙን እንደለበሰ በፊቱ ተደፍቶ ነበር፤ እግሩ ግን ባዶ ነበር። ከገንዳው ጠርዝ አንድ እርምጃ ራቅ ብሎ ጥቁር ጫማው ጎን ለጎን ተቀምጧል። ደረቅ ነው። ማሰሪያው በወጉ ተፈትቷል፤ ካልሲዎቹም ተጠቅልለው አንዱ በአንዱ፣ ሌላው በሌላው ጫማ ውስጥ ገብተዋል። በኋላ ኪሱ በነበረው የቆዳ ቦርሳ ውስጥ መንጃ ፈቃዱ፣ የሥራ መታወቂያውና አንዲት የመድኃኔዓለም ሥዕል ተገኙ። ከቀኝ ጫማው ሥር ደግሞ ከደም ባንክ የተላከ ደብዳቤ ነበር። ደብዳቤው በሕዝቅኤል ስም በተቀመጠው ደም ላይ የኤድስ ቫይረስ መገኘቱን ይናገራል።

ፖሊስ ከዚህ በላይ ማንበብ አላስፈለገውም። ሰውዬው ውጤቱን ሰማ፣ አፈረ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ገባ። መርማሪው ኮሊንስ ይህን ለሚስቲቱ ሲነግራት ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ነበር። ለአንድ ጥቁር ስደተኛ ይህ ብዙ አክብሮት ነው።

በማግስቱ ሐሙስ ጠዋት ሚስቱ ብርቅታይት ለጸዳለ ደወለችላት።

ጸዳለ የፖሊስ ሰው አይደለችም። አንድ ካዚኖ ውስጥ ከካሜራዎቹ ጀርባ ተቀምጣ ለዘጠኝ ዓመት ቁማር የሚያጫውቱትን ዲለሮች እጅ ስትጠብቅ የኖረች የአርባ ሁለት ዓመት ሴት ናት። «ፊት ይዋሻል» ትላለች፤ «እጅ ግን ሥራ ስለሚበዛበት ለመዋሸት ጊዜ የለውም።» የከተማው ሐበሻ ዕቃው ሲሰረቅ፣ ልጁ ሲጠፋ፣ ባሏ የት እንዳመሸ ማወቅ የምትፈልግ ሴት ስትጨነቅ፣ መጀመሪያ የሚደወለው ለእሷ ነው። ለፖሊስ ሁለተኛ ይደወላል፤ ያውም ከተደወለ።

ጸዳለ ቤቷ ስትደርስ ብርቅታይት አታለቅስም ነበር። ሆቴል አልጋ የምታነጥፍ ሴት ናትና የሶፋውን ጨርቅ ጠርዙን ይዛ ትስባለች፣ ታስተካክላለች፣ መልሳ ትስባለች።

«አባ ኃይለማርያም ትናንት ማታ መጥተው ነበር» አለች፤ የሌላ ሰው ወሬ የምታወራ ትመስላለች። «ራሱን አጥፍቶ ከሆነ ፍትሐት የለውም አሉኝ። እሳቸውም አዝነው ነው፤ ግን ሕጉ ነው። እሑድ ደግሞ ሆሣዕና ነው። ሰኞ ሕማማት ይገባል፣ ፍትሐት የሚባል ነገር የለም። ቅዳሜ ካልሆነ ቀረ።»

«ዛሬ ሐሙስ ነው።»

«አውቃለሁ። ሃያ ዓመት አንድ ጾም ሳይገድፍ የኖረ ሰው፣ ያለ ጸሎት አፈር ይልበስ ጸዱ?»

ጸዳለ አላጽናናቻትም። ማጽናናት አትችልበትም፤ ስለዚህ ጠየቀቻት።

«ትናንት ጠዋት ጫማውን ማን አደረገለት?»

«እኔ ነኛ። ማን ያደርግለታል?»

«ካልሲውንም?»

«ካልሲውንም። ከሁለት ዓመት ወዲህ እጁ እግሩ ጋ አይደርስም። ዳሌው አልታጠፍም ብሎት እኮ ነው ኦፕራሲዮን የተቀጠረው። ሥራ ስሄድ አደርግለታለሁ፣ ስመለስ አወልቅለታለሁ። አንድ ቀን ኦቨርታይም ይዘውኝ ሳመሽ ጫማውን እንዳደረገ አልጋ ላይ ተኝቶ አገኘሁት። ወንድሜ ሲራክ ላውልቅልህ ቢለው እምቢ ይላል። ያፍራል።»

ምን እንዳለች የገባት ዘግይቶ ነው። የሶፋውን ጨርቅ ለቀቀችው።

«ጸዱ…»

«ለማንም እንዳትናገሪ» አለች ጸዳለ። «የደብዳቤውንስ ነገር የሚያውቅ ማን አለ?»

«ፖሊስ፣ አባ፣ እኔ፣ አሁን አንቺ። ለሲራክ እንኳ አልነገርኩትም። አፌ እምቢ አለኝ።»

«ስለ ደሙ ንገሪኝ።»

ብርቅታይት ነገረቻት። ኦፕራሲዮኑ ከፋሲካ በኋላ ነው። ሐኪሙ ደም ሊያስፈልግ ይችላል ብሎ ነበር፤ ሕዝቅኤል የሰው ደም አልወስድም አለ። ኤድስ በሚፈራበት በዚያን ዘመን ማን ይወስዳል? ሐኪሙም መላ ነገረው፤ ቀደም ብለህ የራስህን ደም ስጥ፣ በስምህ ተለጥፎበት ፍሪጅ ውስጥ ይቆይልሃል፣ ያን ቀን የራስህ ይመለስልሃል። ሕዝቅኤል በዚህ ተደስቶ ለአንድ ሳምንት ያህል ለሰው ሁሉ አወራ። ከራስ ለራስ መበደር ነው እያለ።

«ስንት ጊዜ ሰጠ?»

«ሁለቴ። ወረቀቶቹ እዚያ መሳቢያ ውስጥ ናቸው።»

ወረቀቶቹ ሦስት ነበሩ። ጸዳለ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ደርድራ እንደ ካርታ አየቻቸው። የመጀመሪያው የማርች ስምንት ነው፤ ዓርብ ቀን። ጣቱን ወግተው የደሙን መጠን ለክተዋል፤ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት። ለመስጠት ቢያንስ አሥራ አንድ ያስፈልጋል። «አይችልም» ተብሎ ተጽፎበታል። ሁለተኛው የማርች አሥራ አንድ ነው፤ ሰኞ ቀን። የደም መጠን አሥራ አምስት ነጥብ አንድ፤ ሰጥቷል። ሦስተኛው የማርች ሃያ አምስት፤ አሥራ አራት ነጥብ ሁለት፤ ከግርጌው አንዲት ትንሽ ሳጥን ላይ ምልክት ተደርጎበታል። ጸዳለ የሳጥኗን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አንብባ ሦስቱንም አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«በዐቢይ ጾም ምን ይበላ ነበር?»

«ምን ይበላል? ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሽሮ። ሐኪሙ ብረት ያለበት ክኒን ሰጥቶት ነበር፣ እሱንም ከጾሙ በኋላ እጀምራለሁ ብሎ እንዳሸገው አለ።»

ጸዳለ ክኒኑን አየችው። የጠርሙሱ ክዳን ገና አልተከፈተም።

ሲራክ የብርቅታይት ታናሽ ወንድም ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ አምና በዲቪ መጥቶ ከእነሱ ጋር ይኖራል፣ በአንድ ካዚኖ የምግብ አዳራሽ ሳህን ያጥባል። ጸዳለ ያገኘችው በምሳ እረፍቱ፣ ከኋላ በር፣ የተገለበጠ የወተት ሳጥን ላይ ተቀምጦ ነው።

«ደሙን የሰጠው ማን ነው?» አለችው፤ ሰላምታ እንኳ ሳትጨርስ።

«ጋሼ ነዋ። ማን ይሰጥለታል?»

«ዓርብ ዕለት ዘጠኝ ነጥብ ስምንት ነበር። ሰኞ አሥራ አምስት ሆነ። በሦስት ቀን ሽሮ አምስት ነጥብ ደም የሚወጣ ከሆነ የአሜሪካ ሐኪም ቤት ሁሉ ተዘግቶ ሽሮ ቤት ይከፈት።»

ሲራክ ሊስቅ ነበር፤ ተወው።

«እትዬ ጸዳለ፣ በፖሊስ አያስይዙኝም?»

«ፖሊስ ብሆን ምሳህን አላቋርጥህም ነበር።»

«የመጀመሪያውን እኔ ነኝ የሰጠሁት። በጋሼ መንጃ ፈቃድ። ጋሽ ወልደማርያም ናቸው ነገሩን ያመጡት፣ የጽዋ ማኅበሩ ሙሴ፣ መሪው። ጋሼ ተመልሶ ሲመጣ አዝኖ ነበር፤ ጾሙን ልግደፍ ወይስ ቀጠሮው ይለፈኝ አለ። ጋሽ ወልደማርያም "ሁለቱም አይሆንም፣ ወንድሞች አሉህ" አሉት።»

«አንተ ሃምሳ ሁለት ዓመት ነኝ ብለህ ቀረብህ?»

«ነርሷ ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች። "ለዕድሜህ በጣም ታምራለህ" አለችኝ።» አሁን ትንሽ ሳቀ። «ለእነሱ ሁላችንም አንድ ፊት ነን።»

«ሁለተኛውንስ?»

«ዘውዴ። ባለ ግሮሰሪው።»

«ሕዝቅኤል ከመሞቱ በፊት የተናገረህ ነገር አለ?»

ሲራክ እጁን በሽርጡ ጠረገ። ደረቅ ነበር፤ ግን ጠረገው።

«ማክሰኞ ማታ "ሂድና ተመርመር" አለኝ። ለምን አላለኝም። ሳቅሁ። እኔ እኮ በዲቪ ነው የመጣሁት፤ ኤምባሲው ያዘዘው ሐኪም ደሜን መርምሮ፣ ከኤድስ ንጹሕ ነህ ብሎ ነው ያስገባኝ። ወረቀቴን አሳየሁት። እሱም አነበበና "አንተ አይደለህም ማለት ነው" ብሎ ትከሻዬን መታ አደረገኝ።»

«ወረቀቱ የመቼ ነው?»

«የአምና ጥር።»

ጸዳለ በጣቷ ወራቱን ቆጠረች።

«ነገ ጠዋት ከሥራ ቅር። እወስድሃለሁ።»

«የት?»

«ደም ልትሰጥ። በራስህ ስም።»

የዘውዴ ግሮሰሪ ጠባብ ነው። በርበሬው፣ ምስሩ፣ የጸሎት መጽሐፉና የስልክ ካርዱ አንድ መደርደሪያ ላይ ናቸው። ዘውዴ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ በሱዳን በኩል በስደተኛነት መጣ። ለዳግማይ ትንሣኤ ራሄልን ሊያገባ ነው። ራሄል የሕዝቅኤል የክርስትና ልጁ ናት፤ አባቷ ከሞተ ወዲህ ያሳደጋት እሱ ነው። ጥቁር ለብሳ ከባንኮኒው ጀርባ ቆማለች፤ ዓይኗ አብጧል። ጸዳለ ወደ ጓዳ ገብቶ እንዲያነጋግራት ዘውዴን ጠየቀችው።

«ጋሽ ሕዝቅኤል ለእኔም አባቴ ነበር» አለ ዘውዴ። «እሷን አሳድጎ የሰጠኝ ሰው ነው። ራሱን ያጠፋል ብዬ በሕልሜም…» ምስር የተሞላ ጆንያ አፉን ይቋጥራል፣ መልሶ ይፈታል።

«ደም ሰጥተህለት ነበር።»

እጁ ቆመ። «ማን ነገረሽ?»

«ሰጥተሃል ወይ አላልኩህም። መንጃ ፈቃዱን መቼ መለስክለት?»

«ያኑ ዕለት። ሰኞ። ከደም ባንክ እንደወጣሁ ቤቱ ሄጄ በእጁ ሰጠሁት። ከዚያ ወዲህ ዓይኑንም አላየሁት፤ ሥራ ነው እባክሽ፣ ይኸው እንደምታዪው ሰባት ቀን።»

«ከአንተ በፊት የሰጠው ሲራክ ነው አይደል?»

«አዎ። ሲራክ እንኳ ምንም የለበትም፤ ኤምባሲ መርምሮ ያስገባው ልጅ ነው።»

ጸዳለ ራሷን ነቀነቀች። ግማሽ ኪሎ ምስር ገዛችና ወጣች።

ወልደማርያም ታክሲውን አውሮፕላን ማረፊያው ሰልፍ ውስጥ አቁሞ፣ ወንበሩን ወደኋላ ለጥጦ ውዳሴ ማርያም ይደግማል። ሕዝቅኤልን የሚያውቀው ሱዳን ካለው የገዳሪፍ የስደተኞች መጠለያ ጀምሮ ነው። ጸዳለ ጎኑ ገብታ ተቀመጠች። የፊተኛው ታክሲ ሲንቀሳቀስ እሱም ሁለት ሜትር ይነዳል፣ ያቆማል፣ ያወራል።

«ኃጢአት ሠራህ በይኝ እንግዲህ» አለ ሳትጠይቀው። «ደም ደም ነው ብዬ ነው። ወንድም ለወንድሙ ቢሰጥ ምን ነውር አለው? የፈረንጅ ሕግ ምን አገባው?»

«ጋሽ ወልደማርያም፣ የራሱ እንዲሆን የተፈለገው ለምን ይመስልዎታል?»

«ከማይታወቅ ሰው እንዳይሆን ነዋ! የምናውቃቸውን ሰዎች ሰጠነው።»

«አወቋቸው?»

ወልደማርያም መጽሐፉን ዘጋ።

«እርስዎስ ለምን አልሰጡም?»

«ስኳር አለብኝ። አይቀበሉኝም። ይኸው እሱንም እያሰብኩ ስናደድ ነው የሰነበትኩት።»

«መንጃ ፈቃዱ በማን እጅ ነበር?»

«ሲራክ ሰጥቶ ለእኔ መለሰው። እኔ ለዘውዴ ሰጠሁት። ዘውዴ ከሰጠ በኋላ ደወልኩለት፤ "ሱቅ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፣ እኔው እመልስለታለሁ" አለኝ። ሲያዘገይ ማክሰኞ ዕለት ሕዝቅኤልን ፖሊስ አስቆመው። መንጃ ፈቃድ አልያዝክም ተብሎ ትኬት ተቆረጠለት። ደውሎ "የእናንተ ጽድቅ ነው ለፍርድ ቤት ያበቃኝ" ብሎ ሲስቅብኝ ነበር።» ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «በማግስቱ ሞተ። እየሳቀ ነበር እኮ ልጄ።»

«የቱ ማክሰኞ?»

«ያሁኑ። ከትናንት ወዲያ።»

ኋላ ያለው ታክሲ ጡሩምባውን ነፋ። ወልደማርያም ሁለት ሜትር ነዳ።

ከሰዓት በኋላ ጸዳለ ለመርማሪው ኮሊንስ ደውላ አንድ ነገር ብቻ ለመነችው፤ የሟቹን ደም አስመርምር። ለምን አላት። ካልሲ ማውለቅ የማይችል ሰው ካልሲው እንዴት ወለቀ አለችው። ኮሊንስ ሞኝ አልነበረም፤ ቸኩሎ ነው እንጂ። እደውልልሻለሁ አላት።

ዓርብ ጠዋት ሲራክን በመኪናዋ ወሰደችው። በመንገድ ላይ የሆነ ነገር ነገረችው። ሲራክ ሦስት የትራፊክ መብራት እስኪያልፉ በመስኮት ሲያይ ቆየና «ለእህቴ እኔ ልንገራት» አላት።

«አንተ ንገራት።»

ዓርብ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሰው ጾሙን ሲፈታ፣ ጸዳለ የፈለገቻቸው ሁሉ በብርቅታይት ሳሎን ተሰበሰቡ። አባ ኃይለማርያም መስቀላቸውን ይዘው ወንበር ላይ፣ ብርቅታይት ምንጣፍ ላይ፣ ሲራክ ከግድግዳው ሥር። ወልደማርያም ለታክሲው ሰዓቱን እያየ። ዘውዴና ራሄል ጎን ለጎን። በሩ አጠገብ ኮሊንስ ቆሟል። የሚነገረው የማይገባው እሱ ብቻ ነበር፤ ግን አስቀድሞ ተነግሮታል።

«አባ» አለች ጸዳለ፣ «ነገ ፍትሐት ለማድረግ የሚከለክልዎ ነገር ምንድን ነው?»

«ራሱን ማጥፋቱ ነው ልጄ» አሉ። «ካጠፋ።»

«እሺ። ራሱን አጠፋ ያሰኘው ጫማውና ከጫማው ሥር የተገኘ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው በደምህ ውስጥ ኤድስ አለ ይላል።»

ራሄል «እ?» አለች። ወልደማርያም አማተበ።

«ከጫማው ልጀምር። ሕዝቅኤል እግሩን ከነካ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ብርቅታይት ካላወለቀችለት ጫማውን እንዳደረገ ይተኛል። ረቡዕ እሷ ሺፍት ላይ ነበረች። ታዲያ ማሰሪያው ተፈቷል፣ ካልሲው ተጠቅልሏል። ጫማው ደረቅ ነው፤ ስለዚህ የወለቀው ውሃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ ገንዳው አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳለ ነው። አንድ ሰው እግሩ ሥር ተንበርክኮ ነበር።»

«እኔን እንኳ እምቢ ይለኝ ነበር» አለ ሲራክ።

«አንተን ያፍርሃል። የማያፍረው ማንን ነው? የእኛ ሰው በሌላ ሰው እግር ሥር መቼ ይወድቃል?»

አባ ኃይለማርያም መለሱ። «ይቅርታ ሲለምን።»

«ይቅርታ ሲለምን» አለች። «አሁን ወደ ደብዳቤው። ሕዝቅኤል ደም አልሰጠም። አንድ ቀን ሄደ፣ አነሰህ ተብሎ ተመለሰ። ሁለቱንም ጊዜ በስሙ የሰጡት ሌሎች ናቸው፤ ጋሽ ወልደማርያም ያውቃሉ። የሬሳው ደም ትናንት ተመርምሯል፤ ሕዝቅኤል ቫይረሱ የለበትም። ደብዳቤው ሲመጣለት ያላፈረበትም ለዚህ ነው። የራሱ እንዳልሆነ ያውቃል። ከሰጡት ከሁለቱ የአንዱ ነው። የአንዱን የኤምባሲ ወረቀት አየና ሌላኛውን ጠራው።»

ዘውዴ አንገቱን ቀና አደረገ። «እኔን ነው የምትይው?»

«መንጃ ፈቃዱን መቼ መለስክለት?»

«ነግሬሻለሁ። ሰኞ፣ ባለፈው ሳምንት።»

«ማክሰኞ ዕለት ሕዝቅኤል መንጃ ፈቃድ ስላልያዘ ትኬት ተቆርጦለታል። ትኬቱ ኮሊንስ ጋ አለ። ረቡዕ ሞቶ ሲወጣ ግን መንጃ ፈቃዱ ቦርሳው ውስጥ ነበር። ከማክሰኞ በኋላ በእጁ የሰጠው ሰው አለ። ጋሽ ወልደማርያም ላንተ ሰጥተውሃል፣ አንተም መልሼዋለሁ ትላለህ። ቀኑን ብቻ ነው የዋሸኸው።»

ኮሊንስ እግሩን ቀየረ።

«ሌላም አለ። ትናንት ሱቅህ መጥቼ ከአንተ በፊት የሰጠው ሲራክ ነው ወይ አልኩህ። አንተ ምንም የለበትም፣ ተመርምሮ ነው የገባው አልከኝ። ስለ በሽታ ያነሣሁት ነገር አልነበረም። ደብዳቤውን የሚያውቁት ፖሊስ፣ አባ፣ ብርቅታይትና እኔ ነን። አምስተኛው ከጫማው ሥር ያስቀመጠው ሰው ነው።»

ራሄል ከአጠገቡ አልተነሣችም። ፊቷን ብቻ አዞረች።

«ዘውዴ?»

ዘውዴ ምንጣፉን ነበር የሚያየው። ሲናገር ድምፁ አልጨመረም፣ አልቀነሰም።

«ደውሎ ና አለኝ። ፈቃዱንም ይዤለት ሄድኩ። ገንዳው አጠገብ ጥላው ሥር ተቀምጦ ነበር። ደብዳቤውን አሳየኝ። "እሑድ ለራሄል ንገራት፣ አንተ ካልነገርካት እኔ እነግራታለሁ" አለኝ። እግሩ ላይ ወደቅሁ። ለመንኩት። "እኔን አትለምነኝ፣ ለእሷ ንገራት፣ ከዚያ አብረን እናስታምምሃለን" አለኝ። ተነሣ አለኝ። እኔ አልተነሣሁም። "እግርዎን ውሃ ላስነካልዎ፣ ሕመሙን ያቀልልዎታል" አልሁት። ጫማውን ፈታሁለት። እምቢ አላለም። ካልሲውን ሳወልቅለት "እግዚአብሔር ይስጥህ" አለኝ።»

ቆመ።

«ደግፌ አቆምኩት። ዋና እንደማይችል አውቃለሁ።»

ብርቅታይት አልጮኸችም። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

«ለምን?» አለች ራሄል። ለስለስ ብላ ነው ያለችው፤ ዋጋ የምትጠይቅ ይመስል።

«እንዳትተዪኝ።»

«ዘውዴ» አለች ጸዳለ፣ «ተመርምረሃል?»

«ምን ያስፈልጋል? ካምፕ ነበርኩ፣ ብዙ ነገር ነበር… ሲራክን ኤምባሲ መርምሮታል። ከሁለታችን እሱ ንጹሕ ከሆነ ማን ቀረ?»

«የኤምባሲው ወረቀት የአምና ጥር ነው። ያን ቀን ነው የመረመረው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ዓመት አይደለም።» ከቦርሳዋ ሦስተኛውን ወረቀት አወጣች። «ይኼ ያንተ ነው፣ የማርች ሃያ አምስት። ያን ቀን ምን ሆነ?»

«ምንም። ደሙ መሃል ላይ ቆመብኝ። ነርሷ ደጋግማ መርፌውን አነቃነቀችው። በቃ ሂድ አለችኝ።»

«ከግርጌው ያለችው ሳጥን ምን ትላለች መሰለህ? "ከረጢቱ አልሞላም፣ ተጥሏል" ትላለች። ኮሊንስም ደም ባንኩን ጠይቋል። ያንተ ደም ያኑ ዕለት ቆሻሻ ውስጥ ገባ። አልተመረመረም። በሕዝቅኤል ስም የተመረመረው አንድ ከረጢት ብቻ ነው። እሱም ያንተ አይደለም።»

ዘውዴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። «ታዲያ የማን…» አለ።

«እሱ አንተን አይመለከትም።»

«የኔ ነው» አለ ሲራክ ከግድግዳው ሥር።

ጸዳለ ልትከለክለው እጇን አነሣች። እሱ ግን ቀጠለ። «እትዬ ጸዳለ፣ ይተዉኝ። የጋሼ ስም በዚህ አይነሣ። የኔ ነው። ትናንት ማታ ሳላውቅ ተኝቻለሁ፣ ዛሬ አውቄ እተኛለሁ። እህቴም ሰምታለች።»

ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እሱን ላለማየት ሲል ዘውዴን አየ። ኮሊንስ መጥቶ ዘውዴን በክንዱ ያዘው። ዘውዴ በሩ ጋ ሲደርስ ጫማውን ሊያደርግ ጎንበስ አለ፤ እጁ ማሰሪያውን መያዝ ስላቃተው ሳያስር ተወሰደ። ራሄል አልተከተለችውም።

አባ ኃይለማርያም ተነሡ። መስቀሉን ለብርቅታይት አሳልመው «ነገ ጠዋት ፍትሐቱ ይደረጋል» አሉ። «ዲያቆናቱን ልጥራ።» ከዚያ ለሲራክም አሳለሙት። ፈጥነው አልነበረም፤ ግን አሳለሙት።

ቅዳሜ ጠዋት ሕዝቅኤል በጸሎት ተቀበረ። ቀኑ ሞቃት ነበር። ከመቃብር የተመለሰው ሰው እጁን ታጥቦ የብርቅታይት ሳሎን ውስጥ በየትሪው ዙሪያ ተቀመጠ። ወሬው ከሬሳው ቀድሞ ከተማውን አዳርሶታል። ሲራክ ማንም ሳይነግረው የካርቶን ሳህንና የፕላስቲክ ማንኪያ ወሰደ፤ ከድስቱ ትንሽ ጨልፎ ውጭ ደረጃው ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ከበሩ አጠገብ የነበሩ ሁለት ሰዎች መንገድ ሲለቁለት ከሚገባው በላይ ለቀቁለት። ወልደማርያም ያንን አይቶ ዓይኑን ወደ ትሪው መለሰ።

ብርቅታይት ተነሥታ ወጣች። ሳህኑን ከእጁ ወሰደችውና ተመልሳ ገብታ ትሪው ላይ፣ እሷና ወልደማርያም በሚበሉበት በኩል፣ ገለበጠችው።

«ና» አለችው በበሩ በኩል።

«ተዪኝ እታለም። እዚሁ ይሻለኛል።»

«ና አልኩህ። ባሌ ደምህን ሊወስድ ነበር። እኔ እንጀራ እምቢ ልበልህ?»

ሲራክ በሩ ላይ ቆመ። በትሪው ዙሪያ ያለው ሰው ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። ወልደማርያም ጋቢውን ሰብስቦ ወደ ጎን ጠጋ አለለት።

ሲራክ ተቀመጠ። ምስሩ ቀዝቅዞ ነበር። በሉት።